የምርምር ድጎማ ሲቆረጥ ቀድሞ የሚጠፋው የትኛው ሥራ ነው?

ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ስለ ምርምር ገንዘብ የሚሰማው ንግግር ሁለት መልክ ይዟል። አንደኛው ወገን የአሜሪካ ገንዘብ ቆመ፣ የብሪታኒያም ሊቀንስ ነው፣ እንግዲህ የአገራችን ምርምር አበቃለት ይላል። ሌላው ደግሞ ድሮም ስንመልስ የኖርነው የለጋሾችን ጥያቄ ነው፤ ገንዘቡ ቢቀር የሚጎድልብን ነገር የለም ይላል። ሁለቱም ወገኖች ምርምርን አንድ ወጥ ነገር አድርገው ይወስዱታል።

የድጎማ መቀነስ ግን ሁሉንም ምርምር እኩል አይነካም። አንድ መምህር በራሱ ትምህርት ክፍል ከሁለት የማስተርስ ተማሪዎቹ ጋር የሚሠራው ጥናት በትንሽ ገንዘብም ቢሆን ይቀጥላል። ሐኪሙን፣ የአፈር ተመራማሪውን፣ የምጣኔ ሀብት ባለሙያውንና አንትሮፖሎጂስቱን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚያሰባስበው ጥናት ግን ገንዘቡ በቆመ በጥቂት ወራት ውስጥ ይበተናል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ድጎማ ምን ምን እንደሚከፍልና ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ምን እንደማይከፍሉ ሲታይ ይገለጣል።

በእርግጥ የተቋረጠው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2025 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ልማት እርዳታን ለ90 ቀናት የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። ከእገዳው በኋላ ዩኤስኤአይዲ የገባቸው ውሎች አብዛኞቹ ጨርሶ ተሰረዙ። ከተሰረዙት መካከል በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተቋቁመው ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ስለ እርሻ፣ ስለ እንስሳት ሀብትና ስለ ሥርዓተ ምግብ የሚያጠኑት የፊድ ዘ ፊውቸር የኢኖቬሽን ላቦራቶሪዎች ይገኙበታል። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መርሐ ግብርም፣ ተመራማሪዎች በተለምዶ ዲኤችኤስ የሚሉት፣ በዚያው ሰሞን ውሉ ተቋርጧል። ኢትዮጵያ በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ያካሄደቻቸው ዳሰሳዎች ውጤት ለማንኛውም ተመራማሪ በነፃ ይሰጥ ስለነበር፣ ከጤና ሳይንስ እስከ ምጣኔ ሀብት ድረስ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በእነሱ ላይ እንደተሠራ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሁሉ ያውቀዋል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤንአይኤች) ደግሞ በግንቦት 2025 መጀመሪያ ላይ ሌላ ውሳኔ አሳወቀ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተሰጠውን ድጎማ ከፍሎ ለውጭ አገር አጋሩ የሚያስተላልፍበትን አሠራር በአዲስ መልክ እስኪያዋቅር ድረስ፣ እንዲህ ያለ ክፍፍል ያለባቸውን አዳዲስና የሚታደሱ ድጎማዎች እንደማይሰጥ ነበር ያስታወቀው። የብሪታኒያ መንግሥትም በየካቲት 2025 የእርዳታ በጀቱን ከአገራዊ ገቢው 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ በ2027 እንደሚያወርድ ገለጸ።

ነገሩ ግን በ2025 የጀመረ አይደለም። ብሪታኒያ በ2021 እርዳታዋን ከ0.7 ወደ 0.5 በመቶ ስትቀንስ የአገሪቱ የምርምር ምክር ቤቶች በዓለም አቀፍ የልማት ምርምር በጀታቸው የ120 ሚሊዮን ፓውንድ ጉድለት ገጥሟቸው፣ ሥራ ላይ የነበሩ ፕሮጀክቶች መሐል መንገድ ላይ በጀታቸው ተሸራርፏል። ጉዳቱ የከፋው 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ተመድቦለት በ2015 መጨረሻ ይፋ በሆነው የግሎባል ቻሌንጅስ ምርምር ፈንድ ላይ ነበር። ይህ ፈንድ ደግሞ የተለያዩ የትምህርት ዘርፎችን ያጣመሩ፣ ከታዳጊ አገሮች ተቋማት ጋር የሚሠሩ ጥናቶችን ለይቶ የሚደግፍ ነበር። የስዊድን መንግሥትም በ2023 ለልማት ምርምር ይወጡ የነበሩ አዳዲስ ጥሪዎችን አቁሟል። ስዊድን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ምርምር ለአሥርተ ዓመታት የደገፈች አገር መሆኗን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ዜና አልነበረም።

ጥቂት ቃላት

ድጎማ፣ በተለምዶ ግራንት የሚባለው፣ ለተወሰነ ጥያቄ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በውድድር የሚሰጥና የማይመለስ ገንዘብ ነው። ከመደበኛ በጀት የሚለየው ማብቂያ ቀን ያለው በመሆኑ ነው። ሰጪው ተቋም "ጥሪ" ያወጣል፤ አመልካቾች የምርምር ዕቅድ (ፕሮፖዛል) ያቀርባሉ፤ ገምጋሚዎች ያወዳድራሉ፤ አሸናፊው ገንዘቡን የሚረከበው በአንድ ዋና ተመራማሪና በአንድ መሪ ተቋም ስም ነው። መሪው ተቋም ከገንዘቡ ቆርሶ ለአጋር ተቋማት የሚያስተላልፈው ድርሻ ሰብአዋርድ ይባላል። ኦቨርሄድ ደግሞ ለመብራት፣ ለቢሮ፣ ለሒሳብና ለግዥ ሠራተኞች፣ ባጠቃላይ ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ሊቆጠር ለማይችል ወጪ ዩኒቨርሲቲው የሚያስቀረው መቶኛ ነው።

ዘርፎችን የሚያጣምር ምርምርም በሁለት ይከፈላል። በአንደኛው እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ምዕራፍ ጽፎ ያስረክባል፤ ምዕራፎቹ በአንድ ሽፋን ይጠረዛሉ። ይህን መልቲዲሲፕሊነሪ ይሉታል። በሁለተኛው፣ ኢንተርዲሲፕሊነሪ በሚባለው፣ የአንዱ ባለሙያ ግኝት የሌላውን ጥያቄ ይለውጠዋል፤ የአንትሮፖሎጂስቱ ሪፖርት የጄኔቲክስ ባለሙያው ናሙና የሚሰበስብበትን መንገድ ያስቀይራል። ለጋሾች በጥሪዎቻቸው የሚጠይቁት ሁለተኛውን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ግን አንደኛውን ነው።

አንድ በሽታ፣ ብዙ ትምህርት ክፍሎች

ሁለተኛው ዓይነት ምርምር ሲሳካ ምን እንደሚመስል ለማየት ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት በሽታ ጥናት ያህል ጥሩ ምሳሌ በአገራችን ማግኘት ይከብዳል። ሕዝቡ በብዙ ቦታ ዝሆኔ ብሎ ከሌላው የእግር እብጠት ጋር አንድ አድርጎ ይጠራዋል። በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ ግን በምንጩ ይለያል፤ ፖዶኮኒዮሲስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጀርምም ጥገኛ ትልም የለውም።

ብሪታኒያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ ባካሄደው ጥናት በሽታውን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ጋር አያያዘው። ሥፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ያለው ደጋና ወይና ደጋ ነው። በባዶ እግሩ ለዓመታት በዚህ አፈር ላይ የሚሠራ ገበሬ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ ይገባሉ፤ ሰውነቱ ሲቆጣ የሊምፍ ፈሳሽ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ይጎዳሉ፤ እግሩ ያብጣል። ገና ከመነሻው ጉዳዩ የሐኪምም የጂኦሎጂ ባለሙያም ነበር።

ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ መጣ። በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ አፈር ላይ፣ ሁሉም በባዶ እግሩ እየሄደ አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ጤነኛ ይሆናል? በወላይታ የተካሄደ የጄኔቲክስ ጥናት፣ ውጤቱ በ2012 የታተመው፣ ተጋላጭነቱ በሽታን የመከላከል ሥርዓትን ከሚቆጣጠሩ የዘር ክፍሎች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ይህ ጥናት ግን ናሙና ከመሰብሰቡ በፊት ያልተጠበቀ እንቅፋት ነበረው። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ይሄዳል የሚለው እምነት ቀድሞም ስለነበር፣ ቤተሰቦች በጋብቻ ሲገለሉ ኖረዋል። "የዘር ጥናት" የሚል ቡድን መጥቶ ምራቅ ሲሰበስብ የሚፈሩት ነገር በሳይንስ የተረጋገጠ ይመስላል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ማኅበረሰቡ ስለ ፈቃድ አሰጣጥ፣ ስለ መገለልና ስለ ምርምር ምን እንደሚያስብ በቃለ መጠይቅ አጠኑ፤ የማስረዳትና ፈቃድ የመጠየቅ አካሄዳቸውንም በዚያ መሠረት አስተካከሉ። የማኅበራዊ ሳይንሱ ሥራ እዚህ ላይ የሪፖርቱ ማሳመሪያ አልነበረም፤ ያለ እሱ የጄኔቲክስ ጥናቱ ሰዎቹን ሊጎዳ ይችል ነበር።

የምጣኔ ሀብት ጥናቱም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሰላው 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት በአንድ ዞን ብቻ በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር፤ ታማሚዎች ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶ የሚሆነውን ያጡ ነበር። የገንዘብ ሚኒስቴርን በር የሚያንኳኳው እንዲህ ያለ ቁጥር ነው። ሌላ ጥናት ደግሞ በአካባቢው ካሉ የጤና ባለሙያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ተላላፊ ነው ብለው እንደሚያምኑ አሳየ። መገለሉ ከጤና ጣቢያውም ጭምር ይመጣ ነበር ማለት ነው።

በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ፖዶኮኒዮሲስን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በ2013 በመላ አገሪቱ በ659 ወረዳዎች፣ በ1,315 ማኅበረሰቦች የተካሄደው ዳሰሳ የበሽታውን ካርታ ሠራ። ዳሰሳው በትንኝ የሚተላለፈውን ዝሆኔ አብሮ ስለመረመረ፣ በአንድ ጉዞ የሁለት በሽታዎች ካርታ ተገኘ፤ ታማሚው የትኛው እንዳለበትም መለየት ተቻለ። በዚያው ዓመት የወጣው የጤና ሚኒስቴር ማስተር ፕላን በሽታውን አካተተ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎችን ያሳተፈና በ2018 ውጤቱ የታተመ ሙከራም እግርን መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ አንድ ላይ ሲሰጡ፣ ታማሚውን በትኩሳትና በሕመም አልጋ ላይ የሚጥለው አጣዳፊ ሕመም በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

ይህ ሁሉ ሥራ የአንድ ድጎማ ውጤት አይደለም። ከተለያዩ ምንጮች፣ በተለያዩ ዓመታት፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተተካ የመጣ ገንዘብ ነው። ከ2017 ጀምሮ አንዱ ዋና ምንጭ ከብሪታኒያ የእርዳታ በጀት የሚወጣ የጤና ምርምር ድጎማ ነበር። አሁን እየተቀነሰ ያለውም ያው በጀት ነው።

ድጎማ የሚከፍለውና የማይከፍለው

በፖዶኮኒዮሲስ ታሪክ ውስጥ ዘርፎቹን ያጣመረው ምን ነበር ብለን ስንጠይቅ መልሱ አንድ ጥሪ ወይም አንድ ፕሮፖዛል አይደለም። ወላይታ ላይ ታማሚዎችን ሲያክም የኖረ፣ ሕዝቡ የሚያምነው የአገር ውስጥ ማኅበር ነበር። መንገዱንና ሽማግሌዎቹን የሚያውቁ የመስክ ሠራተኞች፣ መጠይቁን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛና ወላይትኛ መልሰው ትርጉሙን የሚያጣሩ ረዳቶች፣ የሦስት ፕሮጀክቶችን መረጃ በአንድ ቦታ የሚያስቀምጥ የዳታ ባለሙያ፣ ሁሉንም የሚያውቅ አስተባባሪ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የየትኛውም ትምህርት ክፍል ሠራተኞች አይደሉም። በመዋቅር ላይ መደብ የላቸውም፤ ደሞዛቸው የሚከፈለው ከፕሮጀክት ነው። ፕሮፌሰሩ ድጎማው ቢቆም ደሞዙን ከዩኒቨርሲቲው ያገኛል፤ አስተባባሪዋ ግን በዚያው ወር መጨረሻ ሥራ አጥ ናት። ከእሷ ጋር ማን የት እንዳለና የትኛው ፋይል የቱ እንደሆነ የሚለው እውቀት አብሯት ይሄዳል።

ጉዳቱ በዚህ ምክንያት በገንዘብ መጠን አይለካም። የላቦራቶሪ መሣሪያ ድጎማው ሲያልቅ ባለበት ይቆያል፤ የሚታተም ጽሑፍም ዘግይቶም ቢሆን ይወጣል። በትምህርት ክፍሎች መካከል ያለው ሥራ ግን ባለቤት ስለሌለው የሚጠብቀውም የለም።

ድጎማዎች ይህን ሥራ በቋሚነት እንዲከፍሉ አልተሠሩም። አብዛኞቹ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚቆዩ ናቸው። የመጀመሪያው ዓመት በሥነ ምግባር ፈቃድ፣ በቅጥርና በግዥ ያልቃል፤ የመጨረሻው ሪፖርት በማዘጋጀትና ቀጣይ ገንዘብ በመፈለግ ያልቃል። የሕክምና፣ የሶሲዮሎጂና የጂኦሎጂ ሰዎች የአንዳቸውን አነጋገር ለመረዳት የሚፈጅባቸው ጊዜ ብቻውን ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ኦቨርሄዱም ክፍተቱን አይሸፍንም። ኤንአይኤች ለውጭ ተቋማት የሚፈቅደው 8 በመቶ ሲሆን፣ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፍል የኖረው ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። በየካቲት 2025 ለአሜሪካ ተቋማት በሙሉ 15 በመቶ ጣሪያ ሊያደርግ ሲል፣ ምርምራችን ይቆማል ብለው ፍርድ ቤት የሄዱት እነዚያ ሀብታም ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ፍርድ ቤትም አግዶላቸዋል። የእኛ ተቋማት ግን በግማሹ ሲሠሩ ኖረዋል።

የረጅም ጊዜ ሥራ ሲኖር ምን እንደሚገኝ ቡታጅራ ያሳያል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1986 የጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት መመዝገብ ነበር መነሻው። ያ መዝገብ ለዓመታት ስለቀጠለ የሕፃናት ሞት፣ የእናቶች ጤና፣ የጾታ ጥቃትና የአእምሮ ጤና ተመራማሪዎች በላዩ ላይ ሥራቸውን መሠረቱ። ከ68 ሺህ በላይ ሰው የተጠየቀበት የከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናት የተካሄደው በዚያው አካባቢ ነው። በኋላም በአጎራባች የሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምናን በጤና ጣቢያ ደረጃ ለመስጠት የሞከረው ፕራይም የተባለ ፕሮግራም፣ ከ2011 እስከ 2019 በብሪታኒያ ገንዘብ፣ ሐኪሞችን፣ የጤና ሥርዓት ተመራማሪዎችንና የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎችን አሰባሰበ። የትምህርት ዘርፎቹ የተገናኙት አንድ ቦታና አንድ መዝገብ ስለነበራቸው ነው።

የተለየ አሠራርም ተሞክሯል። በ2016 የተጀመረው የዓለም ባንክ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የልሕቀት ማዕከላት ፕሮጀክት በኢትዮጵያ አራት ማዕከላትን ደግፏል። ሦስቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ (የመድኃኒት ልማትና የሕክምና ሙከራ፣ የውኃ አስተዳደር፣ የባቡር ትምህርት)፣ አንዱ በሐሮማያ (የአየር ንብረትን ያገናዘበ ግብርናና ብዝሃ ሕይወት) ናቸው። እዚህ ገንዘቡ የሚለቀቀው ለአንድ የምርምር ጥያቄ ሳይሆን ማዕከሉ ለሚያሳየው ውጤት ነው፤ ተማሪ ሲቀበል፣ የዕውቅና ማረጋገጫ ሲያገኝ፣ የራሱን ገቢ ሲያመጣ። በኔ ግምት ይህ አካሄድ ለአስተባባሪና ለመረጃ ክፍል የተሻለ ነው፤ ማዕከሉን እንደ ተቋም ይገነባዋልና። ነገር ግን ገንዘቡ ከመንግሥታት ብድር የሚመጣ ስለሆነ እንደ ነፃ ስጦታ ሊታይ አይገባም፤ እሱም ማብቂያ ቀን ነበረው።

ከውጭ የማይመጣው ችግር

ለጋሾች ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው። ዘርፎችን የሚያጣምር ሥራ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥም የሚቀጣ መሆኑ ግን ብዙ አይወራም።

የማስተማር ጫና የሚሰላው በትምህርት ክፍል ነው። አንድ የሶሲዮሎጂ መምህር በጤና ኮሌጅ ፕሮጀክት ላይ የሚያጠፋው ሰዓት በራሱ ክፍል ሒሳብ ውስጥ አይገባም። በደረጃ ዕድገት ጊዜ ከአሥራ ሁለት ጸሐፊዎች አሥረኛ ሆኖ የወጣበት ጽሑፍ ብቻውን ከጻፈው አነስተኛ ጽሑፍ ያነሰ ነጥብ ያስገኝለታል። ጽሑፉ ከሙያው ውጭ በሆነ ጆርናል ከወጣ ደግሞ "ከዘርፉ ጋር አይገናኝም" የሚል ጥያቄ ይነሳበታል። ጥናቱ ሁለት ኮሌጆችን ከነካ የሥነ ምግባር ቦርዶቹ ሁለት ይሆናሉ፤ ግዥው ግን በአንድ ዋና ፋይናንስ በኩል ወረፋ ይጠብቃል። በዚህ ላይ የመምህራን ደሞዝ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አልተመጣጠነም። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ጋራ ምርምር የሚሳበው በውሎ አበሉ መሆኑ ሊያስወቅሰው አይገባም። አበሉ ሲቆም ግን ትብብሩ አብሮ ይቆማል።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ2016 በኔቸር መጽሔት የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ለአገሪቱ የምርምር ምክር ቤት ከቀረቡ ከ18 ሺህ በላይ ፕሮፖዛሎች መካከል፣ የሚያጣምሯቸው ዘርፎች በተራራቁ ቁጥር ገንዘብ የማግኘት ዕድላቸው እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። የምርምር ምክር ቤቶች በንግግር የሚያወድሱት ሥራ በግምገማ ወንበር ላይ ይወድቃል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ገምጋሚ የራሱ ዘርፍ የተሸፈነበትን ክፍል አንብቦ ስስ ሆኖ ያገኘዋል።

አንድ ሰንሰለት ላይ አንድ ቀለበት ሲጎድል የሚሆነውን ደግሞ የእንዶድ ታሪክ በግልጽ ያሳየናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ቀንድ አውጣዎቹ የሚያዛምቱትን ቢልሃርዚያ በእንዶድ መቆጣጠር ይቻል እንደሆነ ኬሚስቱ፣ የእጽዋት ተመራማሪውና የጥገኛ ትላትል ባለሙያው አብረው አጠኑ፤ አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት የተካሄደው ሙከራም በሽታውን በእጅጉ ቀነሰ። ቀሪው ዓለም አቀፍ ደረጃን ያሟላ የመርዛማነት ምርመራ ነበር። ለእሱ የሚሆን ገንዘብና ላቦራቶሪ በአገር ውስጥ አልነበረም። ያ አንዱ ዘርፍ በመጉደሉ ሥራው ዓመታትን ጠበቀ። አክሊሉና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ቢቀበሉም፣ እንዶድ ዜብራ መስል ለሚባሉ ባለ ቅርፊት የሐይቅ እንስሳት ማጥፊያነት የተመዘገበበትን የፈጠራ መብት በ1990ዎቹ የያዘው የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

የሚከራከሩት ምን ይላሉ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስት ጠንካራ ክርክሮች አሉ፤ ሦስቱም ተገቢ ክብደት ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው መጀመሪያ በራስ ዘርፍ መጠንከር ይቅደም የሚል ነው። ጥሩ ኬሚስት የሌለው አገር ኬሚስትንና ሶሲዮሎጂስትን ቢያጣምር የሚያገኘው ደካማ ኬሚስትሪና ደካማ ሶሲዮሎጂ ነው ይላሉ። ለወጣት ተመራማሪዎች ይህ እውነት ነው። የዶክትሬት ተማሪ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ዘርፍ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። ሆኖም ክርክሩ ለግለሰብ የሚሠራውን ለቡድን ያደርገዋል። የፖዶኮኒዮሲሱ ጄኔቲክስ ጥናት ጥልቅ የነበረው የዘርፉ ሰዎች የዘርፋቸውን ሥራ ስለሠሩ ነው፤ ከሌላው ዘርፍ የወሰዱት ጥያቄውንና አካሄዱን ነበር።

ሁለተኛው አጀንዳው የኛ አይደለም የሚለው ነው። ይህ ትልቅ እውነት አለው። ጥሪው ለንደን ወይም ዋሽንግተን ይጻፋል፤ ዋና ተመራማሪው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ የኛ ሰው መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ ይቀራል። ግን ሁሉም እንዲህ አይደለም። ፖዶኮኒዮሲስ በሀብታም አገሮች የለም፤ የመድኃኒት ኩባንያም አይፈልገውም። ጥያቄው የመጣው ከወላይታና ከጎጃም ገበሬ እግር ነው፤ ወደ ለጋሾቹ ዝርዝር የገባውም እዚህ ያሉ ሰዎች ጎትጉተው ነው። እንግዲህ የሚያስፈልገው ገንዘቡ ከየት መጣ ከሚለው በላይ ጥያቄውን ማን አነሳው፣ መረጃውስ ማን ጋር ቀረ ብሎ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው የራሳችንን ገንዘብ እንመድብ የሚለው ነው። የአፍሪካ መንግሥታት ከአገራዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ለማዋል ከተስማሙ ሁለት አሥርተ ዓመታት ገደማ ሆኗቸዋል፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኞቹ ከዚያ በታች ናቸው። ግቡ ትክክል ነው። ነገር ግን የአገር ውስጥ በጀት አሁን ባለው ልማድ በየትምህርት ክፍሉ እየተሸነሸነ በትንንሽ ጥናት ከተከፋፈለ፣ ገንዘቡ ቢጨምርም በዘርፎች መካከል ያለው ሥራ ባለቤት አያገኝም።

ቀጥሎ ምን ሊመጣ ይችላል?

በቅርብ ጊዜ የሚታየው ለውጥ ምናልባት የጥናቶቹ መጥበብ ነው። ተመራማሪዎች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዘዴ፣ ቀድሞ በተሰበሰበ መረጃ ወደሚሠራ ጥናት ይሸሻሉ። ነገር ግን ብዙዎች የሚደገፉበት የዲኤችኤስ መረጃ ራሱ ወደፊት በመደበኛነት መሰብሰቡ አስተማማኝ አይደለም። የሠለጠኑት የመስክና የዳታ ሰዎች ወደ ሌላ ሥራ ወይም ወደ ውጭ ይሄዳሉ። አዳዲስ ለጋሾች መምጣታቸው አይቀርም፤ የራሳቸውን ምርጫም ይዘው ይመጣሉ። የሐምሌ 2024ቱ የምንዛሪ ለውጥ በዶላር ለሚመጣ ድጎማ የአገር ውስጥ ወጪን ቢያቀልም፣ ኬሚካልና መሣሪያ ከውጭ ለሚገዛ ላቦራቶሪ በብር የሚመደበውን በጀት አሽመድምዶታል። ያው የአገር ውስጥ ገንዘብ የሚያሠራው ምርምር ይበልጥ ወደ ቢሮና ኮምፒውተር ጥናት ያጋድላል።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን እጃቸው ሙሉ በሙሉ የታሰረ አይደለም። መንግሥት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎችን በተልእኮ ለይቷል፤ ስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለዋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ሆኗል። ራስ ገዝነት የሰው ኃይል መዋቅርን በራስ የመወሰን ዕድል ከሰጠ፣ ለአንድ የምርምር ማዕከል ሁለት ወይም ሦስት ቋሚ መደቦች (አስተባባሪ፣ የዳታ ባለሙያ፣ የመስክ ኃላፊ) መክፈት የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። የጋራ ሥራን በደረጃ ዕድገት ላይ የሚመዝን፣ እያንዳንዱ ጸሐፊ ምን እንደሠራ ተጽፎ የሚቀርብበት ደንብ ማውጣትም እንዲሁ። ሁለት ኮሌጆችን የሚነካ ጥናት በአንድ የሥነ ምግባር ቦርድ እንዲያልፍ መስማማት የፊርማ ጉዳይ ነው። ኦቨርሄድ ተብሎ የሚቀረው ገንዘብ ወደ አጠቃላይ ቋት ከመግባት ይልቅ ከፊሉ በሁለት ድጎማዎች መካከል ያለውን የወራት ክፍተት መሻገሪያ እንዲሆን ማድረግም ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን መረጃው ነው። የተዘጉ ፕሮጀክቶች መጠይቆች፣ የድምፅ ቅጂዎች፣ የናሙና መዝገቦችና የኮድ መፍቻዎች ዛሬ ያሉት በአንዳንድ ተመራማሪዎች ላፕቶፕና በውጭ አጋር ዩኒቨርሲቲዎች ሰርቨር ላይ ነው። ውሉ የተቋረጠ ፕሮጀክት ሠራተኞቹን ከማሰናበቱ በፊት እነዚህን ቆጥሮ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ወይም ለማዕከሉ የሚያስረክብበት ግዴታ በውል ውስጥ መግባት አለበት፤ የሚረከበውም ክፍል ከነ ኃላፊው አስቀድሞ መሰየም አለበት። የ2013ቱ የፖዶኮኒዮሲስ ካርታ ዕድሜው ከአሥር ዓመት አልፏል። በእነዚያ 1,315 ማኅበረሰቦች ጫማ የሚያደርገው ልጅ ቁጥር ጨምሮ እንደሆነ፣ እብጠቱም ቀንሶ እንደሆነ ለማወቅ ተመልሶ መሄድ ያስፈልጋል፤ ተመልሶ የሚሄደው ቡድን ደግሞ የቀድሞዎቹን መዝገቦች ካላገኘ ለውጡን የሚያነጻጽርበት መነሻ አይኖረውም።